ፈርቼ የቀበርኩት

የዚያን ዓርብ የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ እየሞላን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ገና ሰባት ወሬ ነው። ሠራተኞቹ “ኢንጅነር” ብለው ሲጠሩኝ አሁንም ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው መኖሩን አያለሁ።

ጠዋት ሥራው በደንብ ተጀመረ። የኮንክሪቱን እርጥበት በስላምፕ ለካሁ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ስድስት ኪዩብ ሞላሁ። ከሙያው ውጭ ለሆናችሁ ላስረዳ፦ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ከዚያው ኮንክሪት ተቀንሶ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ የብረት ሳጥን ይሞላል። በማግስቱ ከሳጥኑ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። በ7ኛው እና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨምቆ ይሰበርና ጥንካሬው ይታወቃል። ኪዩቡ የሶሌታው ምስክር ነው። እሱ ደህና ከሆነ ሶሌታውም ደህና ነው ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረታ። ከጠዋት ጀምሮ ባሬላ የተሸከሙት ሠራተኞች ደከሙ። ኮንክሪቱ ቶሎ ቶሎ እየደረቀ ለአካፋ አልታዘዝ አለ። ይሄኔ ሚክሰሩ ጋ የቆመው ልጅ አንድ ባልዲ ውሃ ጨመረ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። ኮንክሪቱ እንደ ሾርባ ቀጠነ፤ ሥራውም ቀለለ። ፎርማናችን አየ፤ ምንም አላለም። እኔም አየሁ። ዝም አልኩ።

ውሃው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ተፈትኜ ያለፍኩበት ትምህርት ነው። ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ የተወሰነ ነው። ከዚያ የተረፈው ኮንክሪቱ ውስጥ ይቀርና በኋላ ሲተን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይተዋል። ለአንድ ከረጢት፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 25 ሊትር ውሃ ተመድቦ ሳለ 10 ሊትር ቢጨመርበት ጥንካሬው ከሩብ በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያቃተኝ “ጋሼ፣ ውሃው በዛ” ማለት ነው።

ለዝምታዬ ምክንያት አላጣሁለትም። ፎርማኑ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሕንፃ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ፕሮጀክት ማኔጀሩ ሥራው ሳይመሽ እንዲያልቅ አዝዟል። እኔ ደግሞ ትናንት የመጣሁ ልጅ ነኝ። ከሁሉ በላይ ግን ዝምታዬን ያጸናው መንፈሳዊ የሚመስለው ምክንያት ነበር፦ “ትሕት ልሁን። ታላላቆቼን ላክብር። ክርስቲያን ሰላም ፈጣሪ ነው።” ጎመን በጤና የሚለውን ያገሬን ተረት ወስጄ የክርስትና ልብስ አለበስኩት።

ማድረግ የነበረብኝ ሌላም ነገር ነበር፤ ከቀጠነው ኮንክሪት ኪዩብ መሙላት። አልሞላሁም። የጠዋቶቹ ስድስት ኪዩቦች ለጠቅላላው ሶሌታ ምስክር እንዲሆኑ ተውኳቸው። በዕለቱ መዝገብ ላይም “ሙሌቱ በሰላም ተጠናቋል” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት የማስተማር ተራው የእኔ ነበር። ርዕሱን አልረሳውም፤ ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ። ስለ ድፍረት አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። አሜን ተባለ።

በ7ኛው ቀን የኪዩቦቹ ውጤት መጣ፤ በጣም ጥሩ ነው። ማኔጀሩ ወረቀቱን እያሳየ “ጎበዝ! በርቺ!” አለኝ። በሥራ ሕይወቴ የተቀበልኩት የመጀመሪያው ምስጋና ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ ያሳፈረኝ ምስጋና የለም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታት ያየሁትን ነው በተለይ ልነግራችሁ የምፈልገው። ፍርሃቴ በዚያ ዓርብ ላይ ብቻ የሚቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመም። ወደ ሁለተኛው ፎቅ ለመውጣት እግሬ ይከብደኝ ጀመር፤ ስለዚህ እዚያ የሚሠራውን ሥራ ከታች ሆኜ “ደህና ነው?” እያልኩ እጠይቅ ነበር። ፎርማኑን ዓይን ለዓይን ማየት ስላፈርኩ ጥያቄ መጠየቅ ተውኩ። የብረት ትእዛዝ ስሠራ አንድ የተሻሻለ ንድፍ ግራ አጋባኝ፤ ፎርማኑን ብጠይቃቸው በሁለት ደቂቃ የሚፈታ ነገር ነበር። አልጠየቅኩም። ባለ 16 ሚሊ ብረት ማዘዝ ሲገባኝ ባለ 14 አዘዝኩ። ብረቱ በቤርጋ በቤርጋ ተራግፎ ካበቃ በኋላ ነው ስሕተቱ የታወቀው። የመኪና ኪራይ ሁለት ጊዜ ተከፈለ፤ ፌራዮዎቹም አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ፈተው ዋሉ።

ሰነፍ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም በእነዚያ ሳምንታት ከማንም ቀድሜ እገባ፣ ከማንም ዘግይቼ እወጣ ነበር። ነገር ግን የተደበቀ ነገር ያለው ሰው ጉልበቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ሥራውን ይሠራል፤ ግማሹ የቀበረውን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የወጣቶች ኅብረት ጥናታችን የመክሊቱ ምሳሌ ላይ ደረሰ፤ ማቴዎስ 25። ከመካከላችን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና “ይሄ ሦስተኛው ሰውዬ ግን ምን አጠፋ? አልሰረቀ፣ አልበላ። የተሰጠውን እንዳለ መለሰ እኮ!” አለ። ሳቅን። መሪያችን “እስቲ ራሱ ሰውዬው ምን እንዳለ እንይ” አለና ክፍሉን እንደገና አነበብነው።

ሰውዬው ምክንያቱን በራሱ አፍ ተናግሯል። ሥራ ጠፍቶ ነው አላለም። ገበያው ቀዝቅዞ ነው አላለም። ጌታው ጨካኝ ሰው እንደ ሆነ ማሰቡን ነገረው፤ ስለዚህም ፈርቶ መክሊቱን መሬት ውስጥ እንደ ቀበረ ነገረው። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ከሦስቱ የሥራ ውጤት የሌለው አንዱ ብቻ ነው፤ የእርሱም ስንፍና ሥሩ ፍርሃት ነበር። የፍርሃቱም ሥር ስለ ጌታው የያዘው የተሳሳተ ሥዕል ነበር።

እኔም ቀብሬ ነበር። የቀበርኩት ደግሞ በኮንክሪት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሶሌታውን ደግፎ የያዘው የባሕር ዛፍ እንጨት እንዲፈታ ቀጠሮ ተይዟል። እንጨቱ ሲፈታ ሶሌታው ክብደቱን በራሱ መሸከም ይጀምራል። ከሥሩ ደግሞ እንጨቱን የሚፈቱት ሰዎች አሉ። ፈራርሶ ይወድቃል ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ነገር ግን እርግጠኛ መሆን ያልቻልነው እኔ ምስክሩን ስለ ደበቅኩት ነው። እሑድ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጸሎቴም ረጅም አልነበረም፦ “ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈተው።”

ሰኞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሳይት ደረስኩ። ሁለት ልጆች መዶሻ ይዘው እየተዘጋጁ ነው። “ቆዩ፣ እንዳትነኩት” አልኳቸውና ወደ ማኔጀሩ ቢሮ ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባልዲውን፣ ኪዩቦቹን፣ መዝገቡን። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደፋሮች ፍርሃት አይሰማቸውም የምትሉ ካላችሁ፣ የእኔን ጉልበት በዚያ ጠዋት ብታዩት ሐሳባችሁን ትቀይሩ ነበር።

ማኔጀሩ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ “ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?” አለ።

“ፈራሁ” አልኩ። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ፣ ዕድገትም አገኘሁ የሚል ምስክርነት ብሰጣችሁ ደስ ባለኝ። የሆነው ግን እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪ መሐንዲሶቹ እንጨቱ ባለበት እንዲቆይ አዘዙ። ከሶሌታው በመቦርቦሪያ ማሽን ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ጠዋት የሞላነው ደህና ነው። ከሰዓት የሞላነው አንድ ክፍል ግን ከተፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። ያ ክፍል ፈርሶ እንደገና ተሞላ። ሥራው ከአንድ ወር በላይ ዘገየ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የዚያን ዓመት የደመወዝ ጭማሪም አላገኘሁም። ተገቢ ነበር።

በዚያች ዓርብ ብናገር የምንከስረው አንድ ሚክሰር ኮንክሪት ነበር። በማግስቱ ብናገር ምርመራው ቶሎ ይጀመር ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስናገር ግን ጥንካሬ የያዘ ኮንክሪት በመዶሻ ማፍረስ ግድ ሆነ። ያው አንድ እውነት ነው፤ በቆየ ቁጥር ግን ዋጋው ጨመረ።

ፎርማኑ ለሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ እኔም እኮ አይቻለሁ። ሥራው ዛሬ ካላለቀ የነገው የሚክሰር ኪራይ በአንተ ነው ተብዬ ነበር። ፈርቼ ነው።” ማኔጀሩም በኋላ እንደ ነገረኝ ባለቤቱን ፈርቶ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ደግሞ ፎርማኑን። እስከዚያ ቀን የፈራሁት እኔ ብቻ እመስለኝ ነበር። ለካ ፍርሃቱ ከላይ ጀምሮ ሰው በሰው እየተቀባበለ ነው የወረደው፤ መጨረሻ ላይ ሶሌታው ተሸከመው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት አየር ማረፊያ ሁለት ትልልቅ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ከሁለቱ የአንደኛው ዋና አብራሪ በድርጅቱ እጅግ የተከበረ ባለ ብዙ ልምድ ሰው ነበር፤ ከማማው ፈቃድ ሳያገኝ ለመነሣት አውሮፕላኑን ማስሮጥ ጀመረ። ከኋላው የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። አብራሪው ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት። መሐንዲሱ ደግሞ አልጠየቀም። ከዚያ አደጋ በኋላ ባሉት ዓመታት የአቪዬሽን ሥልጠና ተለወጠ፤ የበታቾች እንዲናገሩ፣ አለቆችም እንዲሰሙ ማሠልጠን የሙያው አካል ሆነ።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪም በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት አጥንታ ነበር። በአንድነት ደህና የሚሠሩት ክፍሎች ስሕተታቸው ያነሰ እንደሚሆን ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ብዙ ስሕተት የተመዘገበው በእነርሱ ዘንድ ነው። ነገሩን ስትመረምር የደረሰችበት ምክንያት፣ እነዚህ ሠራተኞች ስሕተታቸውን በነፃነት ስለሚናገሩ ነው የሚል ነበር። በሌሎቹ ክፍሎች ሰው እየፈራ ይደብቅ ነበር። የተነገረ ስሕተት ይታረማል፤ የተቀበረው ግን ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሳነብ “በሰላም ተጠናቋል” ብዬ የፈረምኩበት ገጽ ትዝ አለኝ።

በእኛ ቋንቋ “ደፋር” የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። “ምን ያለችው ደፋር ናት!” ሲባል ማመስገን አይደለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ጨዋ ለመሆን ስንል ድፍረትን ከነስሙ ጥለነዋል። በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን ስታነቡ ግን፣ ማኅበረ ምእመናኑ ማስፈራሪያ በደረሰባቸው ጊዜ ጸልየው የለመኑት ነገር “ግልጥነት” ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቃል ረዳኝ። ክርስቲያናዊ ድፍረት ድምፅ ማጉላት አይደለም፤ የሚታየውን ነገር በግልጥ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ጊዜም የሚጀምረው የአለቃን ጥፋት ከመናገር ሳይሆን የራስን ከመናገር ነው።

የዳንኤልንም መጽሐፍ እንደገና አነበብኩት። ወደ አንበሶቹ ስሮጥ ምዕራፍ 1ን ዘልዬው ነበር። ዳንኤል በንጉሡ መብል ላለመርከስ በወሰነ ጊዜ የጃንደረቦቹ አለቃ ንጉሡን እንደሚፈራ በግልጥ ነግሮታል። የእኛ ሳይት ታሪክ ነው! ዳንኤል ያንን ፍርሃት አልናቀውም፤ አልጮኸበትምም። በእነርሱ ላይ የተሾመውን ሰው በትሕትና አነጋገረና ፈተና አቀረበ፦ አሥር ቀን ሞክረን፣ ከዚያ ፊታችንን አይተህ ፍረድ የሚል። መጨረሻ ላይም በንጉሡ ፊት በቀረቡ ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ በጥበብ ከሌሎቹ አሥር እጅ በልጠው ተገኙ። ትሕትናና ድፍረት በአንድ ሰው አፍ ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ ተማርኩ። ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ በተጣለ ጊዜ ዳንኤል ሸምግሏል፤ ድፍረቱን ግን የተለማመደው በወጣትነቱ፣ በምግብ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ፎርማኑ፣ እኔና የየቡድኑ ኃላፊዎች ለአሥር ደቂቃ እንነጋገራለን። የፎርማኑ ሐሳብ ነው። “ዛሬ ምን ያስቸግረናል?” ተብሎ ይጠየቃል። ፀሐይ የሚበረታ ከሆነ በማለዳ እንጀምራለን። ኪዩብ ጠዋትም ከሰዓትም ይሞላል። ማንም ሰው፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ያልገባው ነገር ካየ ሥራውን ማስቆም ይችላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሦስተኛውን ፎቅ ስንሞላ፣ ባሬላ የምትሸከም አንዲት ሴት ከሥር ሆና ጮኸች፦ “ኢንጅነር! ኧረ ይሄኛው ውሃ በዝቶበታል!” ሁሉም ዞር ብሎ አያት። እርሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ወርጄ አየሁት፤ እውነቷን ነው። ያ ሚክሰር ተደፋ። ፎርማኑ “ተባረኪ ልጄ” አሏት፤ ሥራው ቀጠለ። የከሰርነው አንድ ሚክሰር ኮንክሪት ብቻ ነው።

በዚያች ቅጽበት ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈራሁትን ነገር ልኩን አየሁት። የቀን ሙያተኛ ደመወዝ የሌላት፣ ነገ ልትባረር የምትችል ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ አንተ ባንክ ቤት ገንዘብ ትቆጥር ይሆናል፤ አንቺ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ትወጊ ይሆናል፤ ሌላችሁ ሱቅ ትጠብቁ ይሆናል። የሂሳብ ጉድለት፣ የተሳሳተ መድኃኒት፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ አይታችሁ “ጎመን በጤና” ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ካለ፣ ዛሬ የሚጠይቃችሁ ዋጋ ከነገው ያነሰ ነው። መጀመሪያ ጸልዩ። ከዚያ ለብቻው፣ በአክብሮት፣ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ንገሩት። ማስጠንቀቂያ ሊጻፍባችሁ ይችላል፤ እኔ ተጽፎብኛል። የምናገለግለው ጌታ ግን ሦስተኛው አገልጋይ እንዳሰበው ያለ ጌታ አይደለም። እርሱን በትክክል ያወቀ ሰው የተሰጠውን ለመቅበር ምክንያት የለውም።

ያ ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ ድረስ በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ ማቴዎስ 25 ላይ ተቀምጧል። ሙሌት ባለበት ቀን ጠዋት አወጣዋለሁ፤ አነበዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሳይት እሄዳለሁ።